ታይዋን ገበያ ላይ ለመፍረድ የሚደፍር ማን ነው?

ድሬዳዋ ደርሶ ታይዋን ሳይገባ የሚመለስ እንግዳ ጥቂት ነው። ሽቶውና ሻርፑ፣ ጫማውና ብርድ ልብሱ፣ የሞባይል ቀፎውና የወጥ ቤት ዕቃው ከዳር እስከ ዳር ተደርድሮ ይጠብቀዋል። ከአዲስ አበባ የመጣው የመንግሥት ሠራተኛ ለልጁ ጫማ ይገዛል፤ ለኒካህ የምትዘጋጀው ሙሽራ አልጋ ልብስ ታማርጣለች፤ ለስብሰባ የመጣው ባለሥልጣንም ጊዜ ሲያገኝ ብቅ ማለቱ አይቀርም። ሁሉም አገሩ ሲመለስ «ከታይዋን ነው የገዛሁት» እያለ በኩራት ያሳያል። ይኸው ሰው ግን ማታ በቴሌቪዥን «ይህን ያህል ሚሊዮን ብር የሚያወጣ የኮንትሮባንድ ዕቃ ተያዘ» የሚል ዜና ሲሰማ ራሱን እየነቀነቀ «እነዚህ ኮንትሮባንዲስቶች አገሪቱን ጨረሷት» ይላል።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ በእነዚህ ሁለት አነጋገሮች መካከል ያለው ርቀት ነው። ለመሆኑ ገዢው ንጹሕ፣ ሻጯ ግን ወንጀለኛ የሆነችው በምን ሚዛን ነው? አንድ ዓይነት ድርጊት ድሃ ሲፈጽመው ወንጀል፣ ሀብታም ሲፈጽመው ብልሃት የሚባልበት ኅብረተሰብስ ፍትሐዊ ሊባል ይችላልን? ጥያቄው ለጉምሩክ መሥሪያ ቤት ብቻ የሚተው አይደለም። የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው፤ ሐላልና ሐራምን ለይቶ መኖር ለሚፈልግ ሰው ሁሉ ይመለከተዋል።

ባቡር የወለዳት ከተማ

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ ከተማዋ ልደት መመለስ ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ ከጂቡቲው የፈረንሳይ ግዛትና ከእንግሊዝ ሶማሌላንድ ጋር የምትዋሰንበት ድንበር በስምምነት የተሰመረው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። የጂቡቲው የባቡር ሐዲድ ሥራ የተጀመረውም በዚያው ዓመት ነበር። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ከተራሮቹ ግርጌ ካለው ሜዳ ሲደርስ ድሬዳዋ ተቆረቆረች፤ አዲስ አበባ እስኪደርስ ግን እስከ 1917 መጠበቅ ነበረበት።

ልብ እንበል፤ ከዚያ በፊት በዘይላና በሐረር መካከል ቅፍለቱ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲመላለስ ኖሯል። ግመሉ ቡናና ቆዳ ጭኖ ይወርዳል፣ ጨርቅና ጨው ጭኖ ይወጣል። በዚህና በዚያ ወገን የሚኖረው ሕዝብ አንድ ቋንቋ የሚናገር፣ የሚጋባና አብሮ የሚሰግድ ነው። ለዚያ ሰው ድንበሩ ከንግዱ ያነሰ ዕድሜ አለው። ትናንት «ንግድ» ሲባል የነበረውን ሥራ ዛሬ «ኮንትሮባንድ» ያሰኘው በመካከሉ የተሰመረው መስመር እንጂ የሰውየው አካሄድ መለወጥ አይደለም። ይህን ስል መንግሥት ድንበሩን የመጠበቅ መብት የለውም ማለቴ አይደለም። ቃላት የራሳቸው ታሪክ እንዳላቸው ለማስታወስ ያህል ነው።

ከተማዋም ከጅምሩ አንድ ሆና አልተተከለችም። በደቻቱ አሸዋ ወዲህና ወዲያ ለሁለት ተከፈለች። በአንደኛው ወገን ከዚራ ጎዳናው በመስመር ተቀዶ፣ ዛፍ ተተክሎለት ለባቡር ኩባንያው ሹማምንትና ለውጭ ዜጎች ተሠራ። በሌላኛው ወገን መጋላ የአገሬው ሕዝብ፣ የዓረቡና የህንዱ ነጋዴ፣ የወዛደሩና የተሸካሚው መኖሪያ ሆነ። ማን በጥላ ሥር እንደሚሄድ፣ ማን ፀሐይ ላይ እንደሚቆም ያን ጊዜ በፕላን ተወስኗል።

ይሁን እንጂ ከተማዋ ለሠራተኛው እንጀራ አልነፈገችም። የባቡሩ መጠገኛ ነበር፤ ሲሚንቶ ፋብሪካው ነበር፤ በሺህ የሚቆጠሩ ወንዶችና ሴቶች የሚሠሩበት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም ነበር። የወር ደመወዝ የሚያገኝ ሰው ልጆቹን ያስተምራል፣ ዕቁብ ይጥላል፣ ለወላጆቹ ይልካል። ባቡሩ ሲዳከምና ፋብሪካው ሲቀዘቅዝ ያ ሁሉ ሰው የት ሄደ? መልሱ በየገበያው ተቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀውና በ2018 መደበኛ ሥራ የጀመረው ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው የኤሌክትሪክ ባቡር ለአገር ትልቅ ነገር መሆኑ አይካድም። ጣቢያው ግን ከከተማው ውጭ ነው፤ ዋና ሥራውም ኮንቴይነር ማመላለስ ነው። በቀድሞው ባቡር ጥቅሏን ከመቀመጫዋ ሥር አስገብታ ትጓዝ የነበረችው ሴት በኮንቴይነር ዘመን ቦታ የላትም።

ምሁራኑ ምን ይላሉ?

የኅብረተሰብ ጥናት ሊቃውንት ስለ ሰው ልጆች አለመበላለጥና መበላለጥ ብዙ ጽፈዋል። ሁሉን መዘርዘር ለዚህ ገጽ ከባድ ቢሆንም ለጉዳያችን የሚበጁትን ሦስት አመለካከቶች ላንሳ።

የመጀመሪያው መበላለጥ ተፈጥሯዊና ጠቃሚ ነው የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ሁለት አሜሪካውያን፣ ኪንግስሊ ዴቪስና ዊልበርት ሙር፣ ባሳተሙት ጽሑፍ ከባድና አስፈላጊ የሆነው ሥራ ችሎታ ያላቸውን ሰዎች እንዲስብ ከፍ ያለ ዋጋ ሊከፈለው ይገባል ሲሉ ተከራከሩ። ሐሳቡ ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ሐኪም ከዘበኛ የተሻለ ቢከፈለው ማን ይቃወማል? ይህን መለኪያ ግን ወደ ታይዋን እናምጣው። በሌሊት በረሃ የምታቋርጠው፣ ዕቃዋ ቢወረስ ዕዳ ውስጥ የምትገባው፣ በጉልበቷና በነፍሷ የምትጫወተው ሴት ከዕቃው ትርፍ ምን ያህሉ ይደርሳታል? ከባድ ሥራ ብዙ የሚያስከፍል ቢሆን ኖሮ እርሷ ከሁሉ የበለጠች ሀብታም በሆነች ነበር።

ሁለተኛው አመለካከት የካርል ማርክስን ፈለግ የሚከተለው ነው። ይህኛው መበላለጥ ከችሎታ ሳይሆን የማምረቻና የመነገጃ መሣሪያ በማን እጅ ነው ከሚለው ይመነጫል ይላል። እኛ አገር በዚህ ስም ብዙ ግፍ ስለተፈጸመ ስሙን መስማት የማይፈልግ አለ፤ አልፈርድበትም። የቀይ ሽብር ዘመን የድሬዳዋን ወጣቶችም አልማረም። የአንድ ሐሳብ ስም መጉደፍ ግን ጥያቄውን አያጠፋውም። ዕቃው የማን ነው? መኪናው የማን ነው? ገንዘቡን ያበደረው ማን ነው? እነዚህን ሳይጠይቁ ስለ ገበያ ማውራት ባዶ ወሬ ነው።

ሦስተኛው ከሁለቱም በጣም የቆየው ነው። በቱኒስ እ.ኤ.አ. በ1332 የተወለደው ኢብን ኸልዱን በ1377 «ሙቀዲማ»ን ሲጽፍ አውሮፓ የኅብረተሰብ ጥናት የሚባል ትምህርት አልነበራትም። ይህ ዓሊም፣ በኋላም በካይሮ የማሊኪያ ቃዲ የነበረው ሰው፣ መንግሥታት ሲጀምሩ ቀረጡ ቀላል፣ ገቢው ግን ብዙ እንደሆነ፤ ሲያረጁ ደግሞ ቀረጡ ከባድ፣ ገቢው ግን ጥቂት እንደሚሆን አስተውሏል። ምክንያቱንም ያስረዳል። ቀረጡ ሲከብድ ሰው ሥራውን ይተወዋል፤ ወይም ይሸሸዋል። ከዚያ በላይ የሚያስጠነቅቀው ደግሞ ገዢዎች ራሳቸው ነጋዴ ሲሆኑ ስለሚደርሰው ጥፋት ነው። ሥልጣን ካለው ጋር ማን ተወዳድሮ ይነግዳል? ግፍ አገርን ያፈርሳል የሚለው ትምህርቱ ግፍን በጅራፍ ብቻ አይወስነውም። ያለ አግባብ ገንዘብን መውሰድ፣ ያለ ዋጋ ማሠራት፣ ከሚገባው በላይ ማስከፈል ሁሉ በግፍ ውስጥ ይገባል።

የሰው ችግር ወይስ የኅብረተሰብ ችግር?

አሜሪካዊው ሲ. ራይት ሚልስ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው መጽሐፉ አንድ ጠቃሚ ልዩነት አስቀምጧል። በአንድ ትልቅ ከተማ አንድ ሰው ብቻ ሥራ ቢያጣ ምክንያቱን በሰውየው ጠባይና ችሎታ ውስጥ መፈለግ ይቻላል። ሚሊዮኖች ሥራ ሲያጡ ግን ምክንያቱ በሰዎቹ ጠባይ ውስጥ አይገኝም፤ የአገሪቱን አሠራር መመርመር ግድ ይላል።

በታይዋን አንዲት ሴት ብቻ ያለ ቀረጥ የገባ ዕቃ ብትሸጥ ጠባይዋን እንመርምር። ከጂቡቲና ከሶማሌላንድ እስከ ድሬዳዋ፣ ከዚያም እስከ አዲስ አበባ የዘረጋ፣ ስፍር ቁጥር የሌለው ቤተሰብ የሚኖርበት ገበያ ሲሆን ግን «ሕገ ወጦች ስለሆኑ ነው» ማለት ምንም ማብራራት አይደለም። ዶክተሩ በሽተኛውን «የታመምከው በሽታ ስላለብህ ነው» ቢለው እንደማለት ነው።

እንግሊዛዊው ኪት ሃርት በጋና ዋና ከተማ በአክራ፣ ኒማ በሚባለው የድሆች ሰፈር ኖሮ ባደረገው ጥናት ሥራ አጥ የሚባሉት ሰዎች በእርግጥ ሥራ የፈቱ ሳይሆኑ መንግሥት በማይመዘግበው ሥራ ከጧት እስከ ማታ የሚለፉ መሆናቸውን አሳይቷል። ይህ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1973 ሲታተም «መደበኛ ያልሆነ ዘርፍ» የሚለው አጠራር በዓለም ላይ ተስፋፋ። የዓለም ሥራ ድርጅትም አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ስለ ኬንያ ባወጣው ዘገባ ይህንኑ ብሏል። ከመዝገብ ውጭ የሆነ ሁሉ ከሥራ ውጭ አይደለም። መዝገቡ የጠበበ ሊሆን ይችላል።

መዝገቡ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ በታይዋን ያነጋገርኳቸው አንዲት ዕድሜያቸው የገፋ ሴት በአንድ ዐረፍተ ነገር ነግረውኛል። «እናቴ፣ ለምን ፈቃድ አያወጡም?» ብላቸው ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ለፈቃድ መጀመሪያ ሱቅ አሉኝ፤ ለሱቅ መጀመሪያ ብር አሉኝ፤ ብር ለመበደር ስሄድ ደግሞ መጀመሪያ ፈቃድ አሉኝ። ወላሂ እኔ ዞሬ ዞሬ ደከመኝ፣ እዚሁ ተቀመጥኩ» አሉኝ።

እዚህ ላይ በእኛ በሙስሊሞች ዘንድ አዘውትሮ የሚሰማ አንድ አባባል አለ፤ «ቀደር ነው፤ አላህ የከፈለልን ይኸው ነው» የሚል። በቀደር ማመን ከኢማን መሠረቶች አንዱ ነው፤ አያከራክርም። ነገር ግን የአላህን ውሳኔ የሰውን ግፍ መሸፈኛ ማድረግ ሌላ ነገር ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ የድሬዳዋ ነዋሪዎችን ወሰደ፤ አላህ ይዘንላቸው። ዝናቡ ቀደር ነው። በወንዙ ዳር፣ በአሸዋው ጫፍ ላይ እንዲተኛ የተገደደው ማን እንደሆነ፣ ከፍ ያለው መሬት ለማን እንደተሰጠ ግን በሰው እጅ የተወሰነ ጉዳይ ነው። ሰው በሠራው ነገር ሰው ይጠየቃል።

ሁለት ስም ያለው አንድ ሥራ

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልግባ። ቀረጥ ሳይከፍሉ ዕቃ የሚያስገቡት በረሃ የሚያቋርጡት ብቻ አይደሉም። በዋናው በር፣ በኮንቴይነር፣ ማኅተም ባለው ሰነድ የሚያስገቡም አሉ። 100 ዶላር የተገዛውን ዕቃ በደረሰኝ ላይ 40 ዶላር ብሎ መጻፍ የተለመደ ብልሃት ነው። ቀረጡ በ40 ይሰላል፤ የቀረው 60 ያለ ቀረጥ ገባ ማለት ነው። ይህ በሥራው ከኮንትሮባንድ በምን ይለያል? አንዷ ዕቃውን ደበቀች፣ ሌላው ዋጋውን ደበቀ። የአንዷ ጥቅል ሲፈታ ሁሉም ያያል፤ የሌላውን ወረቀት ገልጦ ለማየት ግን ዕውቀትም ድፍረትም ይጠይቃል።

ኤድዊን ሰዘርላንድ የተባለው አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1939 ለሙያ ባልደረቦቹ ባደረገው ንግግር «የነጭ ኮሌታ ወንጀል» የሚል ስም ያወጣለት ይህንን ነው። እስከዚያ ድረስ ምሁራኑ ወንጀል ከድህነት ይመጣል እያሉ ሲጽፉ ኖረዋል። ሰዘርላንድ ግን ወንጀልን የቆጠራችሁት በድሆች ሰፈር ብቻ ስለሆነ ያገኛችሁትም እዚያው ነው አላቸው። የተከበረ ሰው በቢሮው ሆኖ የሚፈጽመው ጥፋት በፖሊስ መዝገብ ላይ ስለማይሰፍር ያልተፈጸመ ይመስላል።

ቁጥሩም ይህንን ያጠናክራል። በቀድሞው የደቡብ አፍሪካ ፕሬዚዳንት በታቦ ምቤኪ የተመራው ከፍተኛ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ዘገባ አፍሪካ በሕገ ወጥ የገንዘብ ፍሰት በየዓመቱ ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ ታጣለች ብሏል። ከዚህ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የንግድ ሥራ መሆኑን፣ ይኸውም በሰነድ ላይ ዋጋን አዛብቶ እንደ መጻፍ ያለው ዘዴ እንደሚገኝበት ዘገባው አስፍሯል። በግመልና በትከሻ 50 ቢሊዮን ዶላር አይሸሽም፤ በብዕር ግን ይሸሻል።

አንድ ከበርቴ ነጋዴ በዚህ ጉዳይ ሳነጋግረው «እኔ ኮንትሮባንዲስት አይደለሁም፤ ዕቃዬ በደረሰኝ ነው የሚገባው» አለኝ። «ደረሰኙ ላይ ያለው ዋጋ እውነተኛው ነው?» ስለው ፈገግ ብሎ «አንተ ደግሞ ጋዜጠኛ ሆነህ አታውቅም?» አለኝ። ይህ ሰው በከተማው ይከበራል፤ ለመስጊድ ማሠሪያ ሲዋጣ ስሙ ከፊት ይጠራል፤ «ኢንቨስተር» ይባላል። ሴትየዋ ደግሞ «ኮንትሮባንዲስት» ትባላለች። ስም ማውጣትም ሥልጣን ነው፤ የዕቃው ብቻ ሳይሆን የስሙም ቀረጥ የሚወድቀው በድሃው ላይ ነው።

በኮንትሮባንዱ ሰንሰለት ውስጥም ይኸው መበላለጥ አለ። ከላይ ባለ ገንዘቡ አለ፤ አይታይም፣ በረሃ አይወርድም። ከእርሱ ቀጥሎ ባለ መኪናው፣ ከዚያ ደላላው፣ ከዚያ ተሸካሚዋ፣ በመጨረሻ በታይዋን ድንኳን ዘርግታ የምትሸጠው። ዕቃ ሲያዝ የሚያዘው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ተሸካሚዋና ሾፌሩ ናቸው። ባለ ገንዘቡ አንድ ጭነት ቢወረስበት ሌላው ይክስለታል፤ ተሸካሚዋ ግን የተወረሰውን ዕቃ ዋጋ ከልጆቿ አፍ ነጥቃ ትከፍላለች። አደጋው ወደ ታች ይወርዳል፤ ትርፉ ወደ ላይ ይወጣል።

የከሊፋው ሚዛን

«ታዲያ ድህነት ሁሉን ነገር ይፈቅዳል ልትለን ነው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ከሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ.) ፍርድ ብንፈልግ ይሻላል።

በኢማም ማሊክ «ሙወጧእ» ውስጥ የተዘገበ አንድ ታሪክ አለ። የሓጢብ ቤተሰብ ባሪያዎች የአንድ የሙዘይና ጎሣ ሰው ግመል ሰርቀው አረዱ። ጉዳዩ ከሊፋው ዘንድ ቀረበ። ቅጣቱ እንዲፈጸም ከታዘዘ በኋላ ዑመር አሳዳሪው ሰዎቹን በረሃብ ይይዛቸው እንደነበር ተረዱ። ፍርዱም ዞረ። ባለ ግመሉን ዋጋዋን ጠየቁት፤ 400 ዲርሃም እንኳ ቢሰጠው እንደማይሸጣት ተናገረ። አሳዳሪው 800 ዲርሃም እንዲከፍለው ተወሰነበት።

ይህን ፍርድ ቆም ብለን እንመልከተው። ዑመር ስርቆትን ሐላል አላደረጉም። ቢያደርጉት ኖሮ ባለ ግመሉ ባልተካሰ ነበር። የተበደለው ሰው ሐቁን እጥፍ አድርጎ አገኘ። የተለወጠው ነገር ተጠያቂው ነው። ጥፋቱ ከእጁ ወደ እጁን ወደገፋው ሰው ወጣ። በረሃቡ ዓመት፣ በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ የስርቆት ቅጣትን ያቆሙትም በዚሁ መንፈስ ነበር። ዳኛው እጅን ከመመልከቱ በፊት እጁን የዘረጋውን ምክንያት ተመለከተ።

ወደ ጉዳያችን ስናመጣው የሚከተለውን ይሰጠናል። ቀረጥ ማሸሽ ጥፋት ነው። የትምህርት ቤቱ ወንበርና የጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚገዛው በዚያ ገንዘብ ነው። ቀረጡን አሟልቶ ከፍሎ የሚነግደው ሐቀኛ ሰው ባልከፈለው ተበልጦ ሱቁን ይዘጋል፤ የእርሱም ሐቅ ሐቅ ነው። በርካሽ የገባው ልብስና ሰልባጅ በአገር ውስጥ ፋብሪካ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት፣ የመጠቀሚያ ጊዜው ያለፈ መድኃኒትና ምግብ በልጆቻችን ላይ የሚያመጣው ጠንቅ ቀላል አይደለም። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ጥፋቱ ግን በሰዎቹ አቅምና ምርጫ ልክ መከፋፈል አለበት። ብዙ ምርጫ ያለው ብዙ ይጠየቃል፤ ምርጫ የሌለው ደግሞ ከመጠየቁ በፊት ምርጫ ሊሰጠው ይገባል።

በሌላ በኩል አንዳንድ ነጋዴዎች «ቀረጥ መክስ ነው፣ መክስ ደግሞ ሐራም ነው፤ ስለዚህ ማሸሹ ኃጢአት የለበትም» ሲሉ ይሰማል። እርግጥ ነው፣ ዑለማዎች በግፍ የሚሰበሰብን መክስ በጽኑ አውግዘዋል። ኢማም ገዛሊና ኢማም ሻጢቢ ግን የሕዝብ ግምጃ ቤት ባዶ ሲሆንና አገር የሚጠበቅበት ገንዘብ ሲታጣ ፍትሐዊ መሪ በሀብታሞች ላይ መዋጮ ሊጥል እንደሚችል ጽፈዋል። በሀብታሞች ላይ መባሉን ልብ ይሏል! እንግዲህ ይህን ክርክር የሚያነሳው ባለጠጋ በገዛ መሣሪያው ይመታል። ፊቅሁ ቢያዝን ለሴትየዋ ነው እንጂ ለእርሱ አይደለም። እርሱ ሲያሸሽ የሚጎድለውን ጨው፣ ስኳርና ሳሙና የምትገዛው ሴት በዋጋ ላይ በሚጨመር ግብር ትሞላዋለች።

መንግሥትም ከዚህ ሚዛን አያመልጥም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሽቶና የቁንጅና ዕቃ፣ የቤት መኪናና ሌላም ጨምሮ 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ተከልክሎ ነበር፤ ክልከላው የተነሣው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ አሠራሩ ሲለወጥ ነው። የምንዛሪ እጥረት መኖሩ የታወቀ ነው። ግን በሕጋዊው በር የተከለከለ ዕቃ ፈላጊው ካልጠፋ በጓሮ በር መግባቱ አይቀርም። ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ የብር ዋጋ ወረደ፤ የደመወዝተኛው ኪስ ሳሳ። ኪሱ የሳሳ ሰው ርካሽ ዕቃ ይፈልጋል፤ ርካሹ ያለው ደግሞ ባልተቀረጠው ዘንድ ነው። ፖሊሲ ገዢውን ወደ ታይዋን እየገፋ ሻጯን በታይዋን ቢያሳድድ ከራሱ ጋር መጣላቱ ነው።

ምን እናድርግ?

ከሐሜት ያለፈ ነገር ካልተባለ ጽሑፍ ዋጋ የለውምና የሚታየኝን ላስቀምጥ።

ከሁሉ በፊት ለትንሹ ነጋዴ የሚመጥን ሕጋዊ በር ይከፈት። በድንበር አካባቢ ለሚኖሩ ሰዎች በዓይነትና በመጠን የተወሰነ የድንበር ንግድ መፍቀድ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ችግሩ በሩ መኖሩ ሳይሆን ማን እንደሚገባበት ነው። ያለ ሱቅ፣ በአነስተኛ ቀረጥና በአንድ ቀን ጉዳይ የሚያልቅ ፈቃድ ቢሰጣት ሴትየዋ ከሌሊት ወደ ቀን ትወጣለች፤ መንግሥትም ዛሬ የማያገኘውን ጥቂት ገንዘብ ከብዙ ሰው ያገኛል። ኢብን ኸልዱን ከ600 ዓመት በፊት ያለው ይኸው ነው።

ሁለተኛ፣ የቁጥጥሩ ዓይን ከጥቅል ወደ ደረሰኝ ከፍ ይበል። ከአንድ መቶ ተሸካሚዎች ከሚወረሰው ዕቃ ይልቅ በአንድ ኮንቴይነር ሰነድ ላይ የተደበቀው ሊበልጥ ይችላል።

ሦስተኛው ለእኛው ለሙስሊሞች ነው። ዘካ ሐላል ገንዘብን ያጠራል እንጂ ሐራሙን ሐላል አያደርግም። በረመዳን ለድሃ ሩዝና ዘይት ማከፋፈል መልካም ነው፤ ተሸካሚዋን በዕዳ አስሮ በዓመት አንድ ቀን ሩዝ መስጠት ግን የወሰዱትን በማንኪያ መመለስ ነው። ባለጠጋው ዘካውን ለድሬዳዋ ሴቶች የመነሻ ካፒታል አድርጎ ቢሰጥ፣ ያለ ወለድ ቢያበድር፣ የከሰረችውን ከዕዳዋ ቢያላቅቅ ወደ ዓላማው ይቀርባል። ዘካ ከሚገባቸው 8 ክፍሎች አንዱ ባለ ዕዳዎች መሆናቸውን አንርሳ። የመስጊድ ኮሚቴዎችም የሚሰጣቸውን ገንዘብ ከመቀበላቸው በፊት ስለ ምንጩ አንድ ጥያቄ ቢያነሱ ክብራቸው አይቀንስም።

አራተኛው ለእኔና ለሙያ ባልደረቦቼ ነው። ዜና ስንሠራ የተያዘውን ዕቃ ዋጋ ብቻ እንዘግባለን። ዕቃው የማን እንደነበር፣ ባለቤቱስ ለምን እንዳልተያዘ አንጠይቅም። ጋዜጣ የሚታየውን ብቻ ከጻፈ የማይታየው ሰው ለዘላለም ንጹሕ ሆኖ ይኖራል።

ገዢውስ? ከታይዋን አትግዛ አልልም፤ ደመወዙን አውቀዋለሁና። ነገር ግን ርካሽ ዕቃ ይዞ ሲወጣ የዋጋውን ልዩነት ማን እንደከፈለው ያስብ። ከሻጯ ጋር ስለ 20 ብር ግማሽ ሰዓት ከመከራከሩ በፊት ያስብ። «ኮንትሮባንዲስት» የሚለውን ስድብ ከመሰንዘሩ በፊት እጁ ላይ ያለውን ፌስታል ይመልከት።

መበላለጥ በዱንያ ላይ መኖሩን ማንም አይክድም። አንዱ ነጋዴ፣ አንዱ ገበሬ፣ አንዱ ዓሊም ሆኖ መፈጠሩ የአላህ ጥበብ ነው። ጥያቄው አንዱ ከሌላው መብለጡ ሳይሆን በምን መንገድ እንደበለጠ፣ ከበለጠ በኋላስ ያነሰውን እንዴት እንደያዘው ነው። ቂያማ ቀን ሚዛኑ ሲቆም ጥቅሉ ብቻ አይመዘንም፤ ደረሰኙም ይመዘናል። ዛሬ የምንፈርድ ሁሉ ፍርዳችንን በዚያ ሚዛን ልክ እናድርገው።

ወላሁ አዕለም።